ሮዊንግ ማሽን ላይ ሐሳቤ ለምን አልረጋ አለ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ነርስ ነኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ የማታ ተረኛ ነኝ። ብርዱ ሲበረታ ውጭ መሮጡን ትቼ አፓርትመንታችን ጂም ውስጥ ያለውን ሮዊንግ ማሽን ጀመርኩ። ዕቅዴ 30 ደቂቃ መቅዘፍ ነው፤ አንድም ቀን ጨርሼ አላውቅም። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ጥሩ ናቸው። ከዚያ ዓይኔ ሰዓቱ ላይ ይተከላል። ሐሳቤ ወደ ሥራ፣ ወደ ቤት ኪራይ፣ አገር ቤት ወዳለችው እናቴ ይሄዳል። 12 ደቂቃ ገደማ ላይ አቆማለሁ። እግሬ ገና አልደከመም፤ የሚሰለቸው ጭንቅላቴ ነው። ስልኬ ላይ ፊልም እያየሁ ሞከርኩ፣ ባሰብኝ። ማሽኑ ጎን ላይ ያለችውን ማንሻ 10 ላይ አድርጌ፣ በደቂቃ 30 ጊዜ ያህል እቀዝፋለሁ። ማርች ላይ ደግሞ ጂሙ ውስጥ የ2000 ሜትር ውድድር አለ፤ ተመዝግቤያለሁ። ትኩረት የሚባል ነገር የለኝም ማለት ነው?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ትኩረትስ አለሽ። ሥራ ላይ የታካሚ ትንፋሽ ለአንድ ደቂቃ ስትቆጥሪ ሐሳብሽ ወደ ቤት ኪራይ ይሄዳል? አይሄድም። የምትቆጥሪው ነገር ከፊትሽ አለ። መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ብትሳሳቺም ጣጣ አለው። ማሽኑ ላይ ስትቀመጪ ግን ለጭንቅላትሽ ምንም ሥራ አልሰጠሽውም። «30 ደቂቃ ቆይ» ብቻ ነው ያልሽው። ሥራ የፈታ ጭንቅላት የራሱን ሥራ ይፈልጋል። ያገኘውም ኪራዩንና እናትሽን ነው።

ስለዚህ ሐሳብሽን በጉልበት ልያዘው ብለሽ አትታገዪ። በእያንዳንዱ ቀዘፋ ትንሽ ሥራ ስጪው። በተለይ ወደ ፊት ስትመለሺ።

ለምን «ስትመለሺ» እንዳልኩ በቁጥር ላሳይሽ። አንድ ቀዘፋ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ግፊቱ ነው። እግርሽ ማሳረፊያውን ይገፋል፣ ወገብሽ ወደ ኋላ ይከፈታል፣ በመጨረሻ ክንድሽ እጀታውን ወደ ሆድሽ ይስባል። ሁለተኛው መመለሻው ነው፤ በመቀመጫው ተንሸራተሽ ወደ መነሻሽ የምትሄጂበት። በደቂቃ 20 ጊዜ ብትቀዝፊ አንዱ ቀዘፋ 3 ሰከንድ ይፈጃል። ግፊቱ 1 ሰከንድ ያህል፣ መመለሻው 2 ሰከንድ ያህል። በ30 ደቂቃ 600 ጊዜ ትቀዝፊያለሽ። 600 ጊዜ 2 ሰከንድ 1200 ሰከንድ፣ ማለትም 20 ደቂቃ ይሆናል። ከ30ው ደቂቃ 20ው የመመለሻ ጊዜ ነው ማለት ነው። ሰውነትሽ ፋታ ያገኛል፣ ጭንቅላትሽም ሥራ ይፈታል። ሐሳብ የሚሾልከው እዚያ ጋ ነው። እየገፋ ስለ ኪራይ የሚያስብ ሰው የለም።

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ግን ማሽኑን እናስተካክል። የጻፍሽልኝ ሁለት ቁጥሮች ብዙ ነገር ይናገራሉ።

ማንሻዋ ዳምፐር ትባላለች። ብዙ ሰው እንደ ክብደት ያያታል፤ 10 ላይ ከሆነች ስፖርቱ የጠነከረ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። የዳምፐሯ ሥራ ወደ ፋኑ ምን ያህል አየር እንደሚገባ መወሰን ነው። ክብደቱን የምታመጪው አንቺ ነሽ። ፋኑን በፈጠነ ግፊት ባዞርሽው መጠን አየሩ ይበልጥ ይገዳደርሻል። 10 ላይ ብዙ አየር ስለሚገባ፣ አንቺ እስክትመለሺ የፋኑ ዙር ቶሎ ይዘገያል። እያንዳንዱን ግፊት ከባድና የዘገየ ነገር ከማንቀሳቀስ ትጀምሪያለሽ። ወገብና ትከሻ ቶሎ ይዝላል። ከ3 እስከ 5 ባለው አድርጊው። በውሃ ላይ የሚወዳደሩ ቀዛፊዎችም ማሽን ላይ ሲለማመዱ እዚያው አካባቢ ነው የሚያደርጉት።

ሁለተኛው ቁጥር 30ው ነው። በደቂቃ 30 የውድድር ፍጥነት ነው። ለ30 ደቂቃ ልምምድ ከ18 እስከ 22 በቂ ነው። ከጎንሽ ሰው ቢኖር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ልትነግሪው የምትችይበት ፍጥነት ይሁን። አሁን ባለሽበት አኳኋን 12ኛው ደቂቃ ላይ «ሰለቸኝ» የምትይው ነገር ከፊሉ መሰልቸት አይደለም። ሰውነትሽ አቁሚ እያለሽ ነው። «እግሬ ገና አልደከመም» ማለትሽም እኔን አያስደስተኝም። በቀዘፋ ትልቁን ሥራ የሚሠራው እግር ነው። እግር ሳይደክም ሌላው ከዛለ፣ ብዙ ጊዜ የሚስበው ክንድና ወገብ ብቻ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ጭንቅላቱ።

ፊልሙ ለምን እንዳባሰብሽ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1977 ዊልያም ሞርጋንና ማይክል ፖሎክ የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ የረጅም ርቀት ሯጮች ሲሮጡ ምን እንደሚያስቡ አጠኑ። ሌሎቹ ሯጮች ሐሳባቸውን ከሩጫው ወደ ሌላ ነገር ይወስዱ ነበር። ምርጦቹ ግን ትንፋሻቸውን፣ የእግራቸውን ሁኔታ፣ ፍጥነታቸውን እየተከታተሉ ነበር የሚሮጡት። ይህ ማለት ሐሳብን ማራቅ ሁሌ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ቀለል ባለ ቀን፣ ትሬድሚል ወይም ብስክሌት ላይ፣ ድራማ እያዩ 40 ደቂቃ መጨረስ ይቻላል። እግር ራሱን ችሎ ይሄዳል። ቀዘፋ ግን ቅደም ተከተል አለው። ዓይንሽ ስልኩ ላይ ሲሆን ቅደም ተከተሉ ይፈርሳል። ጉልበትሽ ከእጅሽ ቀድሞ ይነሳል፤ እጀታው ከጉልበትሽ ይጋጫል ወይም ጉልበትሽን ለማለፍ ወደ ላይ ታነሺዋለሽ። ይህን አስተውለሽ ታውቂያለሽ? እጀታው ጉልበትሽን ለማለፍ ሽቅብ ሲወጣ ባየሽ ቁጥር ሐሳብሽ እዚያ የለም።

እንግዲህ መመለሻውን በሥራ እንሙላው። ቀዘፋው ሲያልቅ እግርሽ ተዘርግቷል፣ ጀርባሽ በትንሹ ወደ ኋላ ጋደል ብሏል፣ እጀታው ከጡትሽ በታች ነው። ከዚያ በልብሽ «እጅ» በይ፤ ክንድሽ ይዘርጋ። «ወገብ» በይ፤ ከዳሌሽ ታጥፈሽ ወደ ፊት ዘንበል በይ። እዚህ ጋ እጀታው ጉልበትሽን አልፏል፣ ጉልበትሽ ግን ገና አልተነሳም። አሁን «ጉልበት» በይ፤ ቀስ ብለሽ ተንሸራተቺ። ጫፍ ላይ ስትደርሺ «ግፊ»። ስትገፊ አየር አስወጪ፣ ስትመለሺ አስገቢ። እጅ፣ ወገብ፣ ጉልበት፣ ግፊ። አራት ቃል፣ ሦስት ሰከንድ። ሁለቱ ሰከንድ ተያዙ ማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ ሞኝነት ይመስልሻል። ይምሰልሽ። ለአንድ ሁለት ሳምንት በዚህ ቆዪ።

ቅደም ተከተሉ ሰውነትሽ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ስለ እጅና ጉልበት ማሰቡን ቀንሺ። ኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ ላስ ቬጋስ ያስተማረች ጋብሪኤለ ቩልፍ የምትባል ተመራማሪ ለዓመታት ደጋግማ ያሳየችው ነገር አለ። ሰው እንቅስቃሴ ሲያደርግ ትኩረቱ በራሱ አካል ላይ ከሚሆን፣ እንቅስቃሴው ውጭ በሚያመጣው ውጤት ላይ ቢሆን በአመዛኙ የተሻለ ይሠራል። አንቺ ጋ ሲመጣ እንዲህ ነው፦ «ጉልበቴን ልዘርጋ» ከማለት «ማሳረፊያውን ከእኔ ላርቀው» ማለት ይሻላል። «ክንዴን ልሳብ» ከማለት «ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ ይሂድ» ይሻላል።

ለዚህ የሚመቹ ሁለት ነገሮች ማሽኑ ላይ አሉ። አንዱ የፋኑ ድምፅ ነው። ስትገፊ ከፍ ይላል፣ ስትመለሺ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሥራሽ አሥሩን ተከታታይ ግፊት አንድ ዓይነት ማሰማት ነው። የሰነፈ ግፊት ወዲያው በጆሮ ይታወቃል። ሌላው ስክሪኑ ላይ ያለ ሥዕል ነው። አብዛኛው ጂም ያለው ኮንሴፕት ቱ የተባለው ማሽን ነው፤ የአንቺም እሱ ከሆነ፣ ስክሪኑን ስትቀያይሪ የግፊትሽን ኃይል በጉብታ መልክ የሚስል ገጽ አለ። በእያንዳንዱ ቀዘፋ አዲስ ጉብታ ይስላል። ጉብታው አንድ ወጥና ለስላሳ ሲሆን እግር፣ ወገብና ክንድ ተቀባብለዋል። መሐሉ ሰርጎድ ካለ ወይም ሁለት ጫፍ ካወጣ መቀባበሉ ጋ ተቆርጧል። እኔ ይህን ገጽ በጣም ነው የምወደው። ምክንያቱም ሰዓት ማየት ያለፈውንና የቀረውን ያሳስባል፤ ጉብታው ግን አሁን ያደረግሽውን ብቻ ነው የሚያሳይሽ። በሦስት ሰከንድ ውስጥም ለማስተካከል ሌላ ዕድል ይሰጥሻል።

ሰዓቱን ሸፍኚው። ቁራጭ ወረቀት ለጥፊበት፣ ያልቃል። ጊዜውን በቀዘፋ ቁጠሪ። በደቂቃ 20 ከሆነ፣ አሥር ቀዘፋ ግማሽ ደቂቃ ነው። ከአንድ እስከ አሥር ትቆጥሪያለሽ፣ እንደገና ከአንድ። 600 ብለሽ አትቁጠሪ፤ እሱ ራሱ ያስጨንቃል። በየአምስት ደቂቃው ደግሞ ሥራውን ቀይሪ። መጀመሪያ የመመለሻው ቅደም ተከተል፣ ቀጥሎ የፋኑ ድምፅ፣ ከዚያ ጉብታው፣ ከዚያ አጨባበጥ። አጨባበጥ ስልሽ፣ እጀታውን በጣቶችሽ አንጠልጥለሽ ያዢው እንጂ አንቀሽ አትያዢው። ክንድ ሲወጠር ትከሻ ይነሳል፣ ትከሻ ሲነሳ ትንፋሽ ያጥራል። የእግር ማሰሪያው በጣም ጠብቆ እግርሽ ከደነዘዘም ላላ አድርጊው፤ የደነዘዘ እግር ይዞ ማንም አያተኩርም።

ከነገ ጀምሮ 30 ደቂቃ አትሞክሪ። አምስት አምስት ደቂቃ ሦስት ጊዜ፣ በመሐል አንድ አንድ ደቂቃ እረፍት። እሱ ሲቀል አሥር አሥር ደቂቃ ሁለት ጊዜ። ከዚያ 15 ሁለት ጊዜ። ከዚያ 30። 12ኛው ደቂቃ ላይ የማቆም ልማድ ይዞሻል፤ ልማዱን ለመስበር መጀመሪያ «ጨረስኩ» ማለትን መልመድ አለብሽ።

ሐሳብሽ ሲሄድስ? ይሄዳል። የሚሠራው ነገር አስቀድሞ መወሰን ነው። «ኪራዩ ትዝ ሲለኝ፣ በሚቀጥለው ግፊት አየሬን በደንብ አስወጥቼ ከአንድ እቆጥራለሁ» ብለሽ ከመቀመጥሽ በፊት ለራስሽ ንገሪ። «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ተብሎ የተቆረጠ ውሳኔ፣ «ዛሬ አተኩራለሁ» ከሚል ጥቅል ምኞት በብዙ ይበልጣል። በራስሽ አትናደጂ። መናደዱም ሌላ ሐሳብ ነው።

የእናትሽን ነገር ለብቻው ላንሳው። እሱ ዝም ብሎ የሚባክን ሐሳብ አይደለም፤ እውነተኛ ጉዳይ ነው። በቀዘፋ ቁጥር አታባርሪውም። ከማሽኑ በፊት ደውዪላት። በብርዱ ወራት በሜሪላንድና በኢትዮጵያ መካከል 8 ሰዓት ልዩነት አለ። አንቺ ከሥራ ወጥተሽ ጠዋት 8 ሰዓት ሲል፣ አገር ቤት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ጥሩ የመደወያ ሰዓት ነው። ያላለቀ ጉዳይ ካለ ወረቀት ላይ ጻፊውና ማሽኑ አጠገብ አስቀምጪው።

ሙዚቃን በተመለከተ አልጠየቅሽኝም፤ ግን መጠየቅሽ አይቀርም። ሙዚቃ ይረዳል፣ ፍጥነቱ ከቀዘፋሽ ጋር ከገጠመ። በዚህ ላይ የእኛው ኃይሌ ገብረሥላሴ ሁሌ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1998 በርሚንግሃም ላይ የቤት ውስጥ 2000 ሜትር ሲሮጥ፣ ምቱ ከእርምጃው ጋር የሚሄድ ፈጣን ዘፈን በድምፅ ማጉያ እንዲለቀቅለት አድርጎ ነበር። በ4 ደቂቃ ከ52.86 ሰከንድ ገብቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ለአንቺ ዝግ ያለ ልምምድ በደቂቃ 120 ምት ያለው ሙዚቃ ልክ ይመጣል። ለግፊቱ ሁለት ምት፣ ለመመለሻው አራት ምት። ቺክቺካ ካደረግሽ ሳታውቂው ወደ 30 ትመለሻለሽ፤ እሱን ለውድድሩ አቆዪው። ትዝታ ደግሞ ፍጥነቱ ቢመችም አልመክርሽም። ሐሳብን ይዞ አገር ቤት ነው የሚገባው። ደግሞ አንድ ነገር እወቂ፦ ሙዚቃ ድካምን የሚያስረሳው ቀለል ባለና በመካከለኛ ጥረት ላይ ነው። አጥብቀሽ ስትቀዝፊ የሰውነትሽ ጩኸት ሙዚቃውን ይውጠዋል። ያኔ የሚይዝሽ ሥራው ብቻ ነው።

አሁን ከሁሉም በላይ ልብ እንድትይልኝ የምፈልገው ነገር። መቼ ነው የምትቀዝፊው? ከማታ ተረኝነት እንደወጣሽ ከሆነ ከራስሽ ብዙ እየጠየቅሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሳሙኤሌ ማርኮራና ባልደረቦቹ ዌልስ ውስጥ ያደረጉት ሙከራ አለ። ሰዎችን ለ90 ደቂቃ ጭንቅላት የሚያደክም የኮምፒውተር ሥራ አሠሯቸው። በሌላ ቀን ደግሞ እነዚያኑ ሰዎች ለዚያው ያህል ጊዜ ዶክመንተሪ አሳዩአቸው። ከዚያ እስኪያቅታቸው ድረስ ብስክሌት አስነዱአቸው። ዶክመንተሪ ባዩበት ቀን በአማካይ 754 ሰከንድ ቆዩ። ጭንቅላታቸው በደከመበት ቀን 640 ሰከንድ ብቻ። ልባቸውና ሳንባቸው ያው ነበር። የተለወጠው ጥረቱ የሚሰማቸው መጠን ነው፤ ገና ከመነሻው ከብዷቸው ነበር። ይህ በ90 ደቂቃ ሥራ ነው። አንቺ ሌሊቱን ሙሉ መድኃኒት ስትለኪ፣ ስትመዘግቢ፣ ደወል ስትሰሚ አድረሽ ነው የምትመጪው። ስለዚህ ትኩረት የሚጠይቀውን ቀዘፋ እረፍት ቀንሽ ላይ፣ እንቅልፍ ከጠገብሽ በኋላ አድርጊው። ከሥራ ስትወጪ 15 ደቂቃ በዝግታ ይበቃል። በዚያ ቀን መዝሙርም ፖድካስትም ብትሰሚ ቅር አይለኝም፤ ዓይንሽ ስልክ ላይ አይሁን እንጂ። ወይም ተኚ። አንዳንድ ቀን መተኛቱ የተሻለው ልምምድ ነው። የደረት ሕመም ወይም ማዞር ከተሰማሽ ደግሞ ምን ማድረግ እንዳለብሽ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ፦ አቁመሽ ሐኪም ማየት። ለታካሚ የምትይውን ለራስሽም በዪው።

የማርች ውድድርሽ ቀረ። 2000 ሜትር እንደ 30 ደቂቃው አይደለም። አጭር ነው፣ ያማል። ለምሳሌ 500ውን ሜትር በ2 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ብትቀዝፊ፣ ልክ 10 ደቂቃ ይሆንልሻል። አራት 500 አድርገሽ አስቢው። በመጀመሪያው 500 ሁሉም ሰው ይሞቀውና ካሰበው በላይ ይፈጥናል። እዚያ ጋ ያንቺ ሥራ ራስን መያዝ ነው። ሁለተኛው 500 የልምምዱ ቀዘፋ ነው፤ ድምፁን ስሚ፣ አሥር አሥር ቁጠሪ። ሦስተኛው ከባዱ ነው። የመነሻው ጉልበት አልቋል፣ መጨረሻው አልታየም። ቀዛፊዎች ሁሉ የሚፈሩት እሱን ነው።

ውሃ ላይ በስምንት ሰው ጀልባ ውስጥ፣ ቀዛፊዎቹ ጀርባቸውን ለመድረሻው ሰጥተው ነው የሚቀዝፉት። ፊቱን ወደ መድረሻው አዙሮ የሚመራቸው አንድ ሰው አለ። ልክ በዚህ በከባዱ ቦታ «አሥር!» ብሎ ይጮኻል። ሁሉም አሥር ጠንካራ ቀዘፋ ይቀዝፋሉ፣ እሱ ይቆጥራል። አንቺ ማሽን ላይ የሚጮኽልሽ የለም። ስለዚህ 1100 ሜትር ላይ ራስሽ ጥሪው። አሥር ጠንካራ፣ ከዚያ ወደ ነበርሽበት ተመለሺ። 1300 ላይ እንደገና።

ለራስሽ የምትናገሪውን ቃልም ከአሁኑ ምረጪ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ሌላ የብስክሌት ሙከራ፣ ለሁለት ሳምንት ለራሳቸው የሚናገሩትን ማበረታቻ መርጠው የተለማመዱ ሰዎች እስኪያቅታቸው የቆዩበት ጊዜ በ18 በመቶ ጨመረ። ያልተለማመዱት ምንም አልተለወጡም። በ2019 ደግሞ በ10 ኪሎ ሜትር ሙከራ፣ ራሳቸውን «አንተ» ብለው ሲያናግሩ «እኔ» ካሉበት ጊዜ ፈጥነው ጨረሱ። ስለዚህ «እችላለሁ» ሳይሆን «በርቺ፣ ትችያለሽ» በይ። ሌላ ሰው የሚያበረታታሽ ያህል። አጭር ይሁን፣ ከግፊቱ ጋር የሚገጥም። «በርቺ» በአንድ ግፊት ውስጥ ያልቃል። ውድድሩ ቀን አዲስ ቃል አትፍጠሪ፤ በየሳምንቱ ልምምድሽ መጨረሻ አካባቢ፣ ሲከብድሽ እየተጠቀምሽ አልምጂው።

«አሥር» የምትጠሪባቸውን ሁለት ቦታዎች ለማወቅ ካልሆነ በቀር፣ ስክሪኑ ላይ የቀረውን ርቀት እስከ መጨረሻው 250 ሜትር አትከታተዪው። እዚያ ስትደርሺ የቀዘፋሽን ብዛት በደቂቃ ሁለት ጨምሪ፣ ቅደም ተከተሉ ግን አይፍረስ፦ እጅ፣ ወገብ፣ ጉልበት፣ ግፊ። ስትጨርሺ ዘለሽ አትነሺ። አምስት ደቂቃ በቀስታ እየቀዘፍሽ ትንፋሽሽ ሲመለስ እግርሽን ከማሰሪያው አውጪ።